እንግዳ ሲመጣ የሚቀድመው ሽታ

ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ታናሽ እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አራት ናቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። እናቴ ከሳምንት በፊት ጀምራ መጋረጃ ስታሳጥብ፣ ወለል ስታስወለውል፣ ስኒ ስትቆጥር ሰንብታለች። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ሳሎኑ መሐል ቆመው ሳለ፣ ከኮሪደሩ በኩል አንድ ሽታ መጣ። መጀመሪያ ስስ ነበር፤ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል። ትንሽ ቆይቶ ቤቱን ሞላው።

ማንም ምንም አላለም። ጨዋ ሰው በሰው ቤት ስለ ሽታ አያወራም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን የጋቢያቸውን ጫፍ ቀስ አድርገው ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉ አየሁ። እናቴም አየች። «ኧረ እጣን ጨምሩ!» ብላ ወደ ጓዳ ስትጣራ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። እጣኑ ተጨመረ። እጣኑና የሽንት ቤቱ ሽታ ተቀላቅለው ከቀድሞው የባሰ ነገር ሆነ።

ሽማግሌዎቹ ተናገሩ፤ አባታችን አዳመጠ፤ «ከዘመድ ጋር ተመካክረን እንነግራችኋለን» ተብሎ ለሁለት ሳምንት ተቀጠሩ። በሩ ሲዘጋ እህቴ መኝታ ቤት ገብታ አለቀሰች። «ነገሩን ሄደው ለእናቱ ይነግሯታል» ነው የምትለው።

እውነቱን ለመናገር ሽታው የዚያን ቀን አልጀመረም። ለወራት አብሮን ኖሯል። ጠዋት ጠዋት ግቢው ይሸታል፤ ባለቤቴ «የጎረቤት ነው» ይላል። ማታ ኮሪደሩ ይሸታል፤ ሠራተኛዋ በረኪና ታፈሳለች። ልጆቹ ለምደውታል። እኛም ለምደነው ነበር። አፍንጫ ክፉ ነገርን ቶሎ ይላመዳል፤ እንግዳ ሲመጣ ነው ቤታችንን እንደገና የምናሸተው።

እንግዲህ ሁለት ሳምንት ነበረን። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ስለ ሴፕቲክ ታንክ የተማርነውን ነው እዚህ የማካፍላችሁ። በሴፕቲክ ታንክ የሚጠቀም ቤት ያለው ሁሉ አንድ ቀን ይፈልገዋል።

ጋዙ በየት ይወጣል?

የጠራናቸው የቧንቧ ሠራተኛ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ገብተው ምንም ሳይነኩ ግቢውን ዞሩት፤ ጣሪያውን አንጋጠው አዩ፤ መታጠቢያ ቤቶቹን በር እየከፈቱ አሸተቱ። ከዚያ «ልጄ፣ ጉድጓድ ሁሉ ይሸታል። ጥያቄው ሽታው በየት ይወጣል ነው» አሉኝ። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

ሴፕቲክ ታንክ ቆሻሻ የሚጣልበት ተራ ጉድጓድ አይደለም፤ የሚሠራ ዕቃ ነው። ከቤት የሚወጣው ፍሳሽ ታንኩ ውስጥ ሲገባ ይረጋና ሦስት ላይ ይከፈላል። ከባዱ ወደ ታች ይዘቅጣል። ቅባትና ሳሙና ተንሳፍፎ ከላይ እንደ ቅርፊት ይጋገራል። መሐል የሚቀረው ፈሳሽ ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ከዚያም በመሬት ውስጥ ወደሚሰርግበት ቦታ ያልፋል። የዘቀጠውን የሚበሉት አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ ሲሠሩ ጋዝ ይወጣል፤ በብዛት ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በጥቂቱ ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ይህ የመጨረሻው ነው።

ስለዚህ ጤነኛ ታንክም ጋዝ ያመርታል። በትክክል በተሠራ ቤት ጋዙ በአየር ማስወጫ ቱቦ ሽቅብ ወጥቶ ከጣሪያ በላይ በነፋስ ይበተናል፤ ማንም አያሸተውም። የሸተተን እንደሆነ ጋዙ መንገዱን ስቷል ማለት ነው። ወይ ወደ ላይ የሚወጣበት ተዘግቷል፣ ወይ ወደ ቤት የሚገባበት ተከፍቷል፣ ወይ ታንኩ ሞልቶ ሌላ መንገድ ፈልጓል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይታወቅ። አዲስ አበባ ውስጥ «ሴፕቲክ» ተብለው ከሚጠሩት ብዙዎቹ ባለ ሁለት ክፍል ታንክ ሳይሆኑ በድንጋይ የተካቡ፣ ከሥራቸው ወደ አፈር የሚያሰርጉ ጉድጓዶች ናቸው። ቤቱን ስትገዙ ወይም ስትከራዩ የትኛው እንዳለ፣ ክዳኑ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደተመጠጠ ጠይቁ። እኛ ስድስት ዓመት ስንኖር ክዳኑ ከመኪናው ማቆሚያ ንጣፍ ሥር መሆኑን አናውቅም ነበር።

ከቤት ውስጥ ይጀምሩ

ጋሼ መጀመሪያ የወሰዱን ወደ ጉድጓዱ አልነበረም፤ ወደ እንግዳ መታጠቢያ ቤት ነበር። አያታችን ወደ ደሴ ከተመለሱ ከሰኔ ወዲህ የገባበት የለም። ወለሉ ላይ ባለው የውሃ መውረጃ ወንፊት በእጅ ባትሪ አበሩበት። ደረቅ ነበር።

ከእያንዳንዱ መታጠቢያ፣ ሽንት ቤትና የወለል መውረጃ ሥር የታጠፈ ቱቦ አለ፤ ሲፎን የሚባለው። እጥፋቱ ውስጥ ጥቂት ጣት የሚሆን ውሃ ሁልጊዜ ይቀራል። በእኛና በጉድጓዱ መካከል ያለው በር ያ ውሃ ብቻ ነው። ይህን ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1775 በባለቤትነት ያስመዘገበው አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ዛሬም በየቤታችን ያለው በዚያው ሐሳብ ይሠራል። ውሃው ከደረቀ ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ ማለት ነው።

የኅዳር አየር ደረቅ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሰው ውሃ ይቆጥባል፤ ያልተገለገሉበት መታጠቢያ ቤት ላይ ማንም ውሃ አያፈስም። ሲፎኑ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይደርቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ሊትር ውሃ ያፍሱበት። ቤቱን ዘግተው ለረጅም ጊዜ የሚሄዱ ከሆነ ከውሃው በኋላ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ይጨምሩ፤ ከላይ ተንሳፍፎ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ያደርጋል።

ምንጩ የትኛው መውረጃ እንደሆነ ካልታወቀዎት፣ ማታ የወለል መውረጃዎቹን በላስቲክ ሸፍነው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉ። ጠዋት ሽታው ከሌለ ምክንያቱን አገኙ። ከዚያ አንድ በአንድ እየከፈቱ ይለዩ።

ጋሼ በዚያው ቀን ሌሎች ሁለት ቀዳዳዎች አገኙብን። አንደኛው ወጥ ቤት ነው፤ ከዕቃ ማጠቢያው የሚወርደው ተጣጣፊ ቱቦ ወደ ግድግዳው ቱቦ ዝም ብሎ ተሰክቷል እንጂ ዙሪያው አልታሸገም። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑም እንዲሁ። ሁለተኛው የልጆቹ መጸዳጃ መቀመጫ ሥር ነው፤ ሲቀመጡበት በትንሹ ይወዛወዛል። የሚወዛወዝ መቀመጫ ከወለሉ ጋር የተጣበቀበት ስለተላቀቀ ጋዝም ፍሳሽም ያሳልፋል። የጎማ ማሸጊያ፣ ጥቂት ሲሊኮንና የአንድ ሰዓት ሥራ በቂ ነበር።

ጣሪያ ላይ የተረሳው ቱቦ

«ሽንት ቤት ስትለቁ መታጠቢያው ቡልቅ ቡልቅ ይላል?» ብለው ጠየቁ ጋሼ። ይላል። ልጆቹ «ጅቡ ዋጠ» እያሉ ይስቁበታል።

የሚያስቅ አልነበረም። የአየር ማስወጫው ቱቦ ሲዘጋ ወደ ታች የሚወርደው ውሃ ከኋላው አየር ይስባል፤ አየር ከጣሪያ ካላገኘ ከሲፎኖቹ ይስባል፤ የሲፎኑንም ውሃ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የተዘጋ ማስወጫ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ጋዙ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ በሩን የሚዘጋውን ውሃም ይመጠምጣል።

ጋሼ መሰላል አስደግፈው ወጡ። ከሁለት ዓመት በፊት የጓሮውን በረንዳ ጣሪያ ስናሠራ፣ ሠራተኛው የፒቪሲ ቱቦው መንገድ ቢዘጋበት ከቆርቆሮው ሥር ቆርጦ ዝናብ እንዳይገባ ክዳን ገጥሞለታል። ከፍለን ነው ያሠራነው፤ አመስግነንም ሸኝተነዋል። ጋዙ ታፍኖ ኖሯል።

ቱቦው ቆርቆሮውን አልፎ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከጣሪያው በላይ እንዲወጣ ተደረገ። አፉ ላይ ዝንብና ወፍ የሚከለክል ወንፊት ተገጠመለት፤ ክዳን ግን አይገጠምም። በአጠገቡ መስኮት ወይም ሰው የሚቀመጥበት ሰገነት ካለ ቱቦው ከዚያ በላይ መርዘም አለበት። ፎቅ እየተጨመረባቸው ባሉ ቤቶች ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የድሮው ቱቦ በአዲሱ ፎቅ መኝታ ቤት መስኮት ትይዩ ይቀራል።

ግቢው ጠዋት ጠዋት የሚሸተውም ለምን እንደሆነ ያኔ ገባን። የአዲስ አበባ የበጋ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ መሬት ላይ ይተኛል፤ ነፋስም የለም። በዝቅታ የወጣ ጋዝ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ግቢው ውስጥ ይቆያል። ጎረቤት የከሰሰ ሁሉ ነፋሱን ረስቶ ነው።

ክዳኑና ከክዳኑ ሥር ያለው

የመኪና ማቆሚያው ንጣፍ ሲነሳ የኮንክሪት ክዳኑ ታየ። አንዱ ጥግ ተሰንጥቋል። መኪናችን ለስድስት ዓመት በየቀኑ እላዩ ላይ ቆሟል፤ ልጆቹ ደግሞ በላዩ ብስክሌት ነድተዋል። ባለቤቴ ያን ስንጥቅ ሲያይ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም።

ስለ ሽታ ሲያወሩ ሰዎች ስለ ክዳን አያስቡም፤ መቅደም ያለበት ግን እሱ ነው። ክዳን በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት መሆን አለበት፤ በላዩ መኪና የሚቆም ከሆነ ያንን እንዲሸከም ተሰልቶ መሠራት አለበት። በቆርቆሮ ወይም በጣውላ የተሸፈነ ጉድጓድ ላይ ሣር ሲበቅልበት ወጥመድ ይሆናል። ክዳኑ ጋዝ ማሳለፍ አለማሳለፉን ለማወቅ ዙሪያውን የሳሙና ውሃ ያፍሱ፤ አረፋ እየነፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳ ነው። በክብሪት፣ በሻማ ወይም በእጣን ጭስ ግን በፍጹም አይሞክሩ። ሚቴን ሽታ የለውም፤ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ግን ይቀጣጠላል፣ ይፈነዳል።

ክዳኑ ሲነሳ ታንኩ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። መቼ ይመጠጣል ለሚለው ጥያቄ የሂሳቡ መንገድ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር ያህል ዝቃጭ ይተዋል ተብሎ ይገመታል። አምስት ሰው ካለ 200 ሊትር ነው። 3,000 ሊትር የሚይዝ ታንክ ሲሶው በዝቃጭ ሲሞላ መመጠጥ አለበት፤ ሲሶው 1,000 ሊትር ነው። ለአምስት ሰው አምስት ዓመት ይሆናል። ቤቱ ውስጥ ስምንት ሰው ካለ ግን ሦስት ዓመት ብቻ። በየበዓሉ የሚመጣውን ዘመድ፣ ሠርግና ተዝካሩን ሲጨምሩበት ከዚያም ያጥራል። እኛ ግን ከነጭርሱ አስመጥጠን አናውቅም።

«እስኪሞላ ልጠብቅ» ማለት ዋናው ስሕተት ነው። ዝቃጩ ሲበዛ ጠጣሩ ወደ ማስረጊያው ያልፍና አፈሩን ይደፍነዋል። የማስመጠጥ ዋጋ አንድ ቀን ተከፍሎ ያልቃል፤ የተደፈነ ማስረጊያ ግን ግቢ ያስቆፍራል።

«ሰው አይገባም»

መጣጩ መኪና መጣ። ሆዱ ሞልቶ ሲሄድ ከሥር የደረቀ ወፍራም ዝቃጭ ቀረ። ንጣፉን ሊያነሳ ከጋሼ ጋር የመጣ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። «መሰላል ስጡኝ፤ ወርጄ በባልዲ ላውጣው» አለ። ትንሽ ገንዘብ እንድንጨምርለት ነው። ባለቤቴም መሰላሉን ሊያመጣ ዞረ።

ጋሼ ያን ጊዜ ብቻ ነው ጮክ ብለው ሲናገሩ የሰማኋቸው። «ሰው አይገባም!» አሉ። «ሽታው እኮ ቀንሷል ጋሼ» አለ ልጁ። «እሱ ነው የሚገድለው» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ አንድ ጊዜ ያየሁት ይበቃኛል» ብለው ዝም አሉ። ምን እንዳዩ አልጠየቅንም።

የቤት ባለቤት የሆነ ሁሉ ይህን አንድ አንቀጽ ቢያንስ ያንብብ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጣም በጥቂቱ፣ በአየር ውስጥ ካለው ከሚሊዮን አንድ እጅ ባልሞላ መጠን እንኳ ይሸታል። መጠኑ ከሚሊዮን መቶ እጅ አካባቢ ሲደርስ ግን የማሽተቻ ነርቭን ያደነዝዛል፤ ሰው «ሽታው ጠፋ» ይላል። ከዚያ በላይ ብዙ መቶ ሲደርስ በደቂቃዎች ውስጥ ራስን ያስታል፤ ይገድላልም። ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓዱ ሥር ይተኛል፤ ዝቃጩ ሲነካካ ደግሞ ታፍኖ የኖረው በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። የተመጠጠ ጉድጓድም ባዶ አይደለም። በእንዲህ ያለ ጉድጓድ ከሚሞቱት ብዙዎቹ የወደቀውን ሊያድኑ ተከታትለው የወረዱ ወንድም፣ ጓደኛ፣ ጎረቤት ናቸው።

ስለዚህ ክዳን ሲከፈት ልጆችን ያርቁ፤ ሲጋራም ሆነ እሳት አይኑር፤ አጎንብሶ ወደ ውስጥ ማየት አይገባም። የተከፈተ ጉድጓድ ለአንድ ደቂቃም ያለ ጠባቂ አይተው። አንድ ሰው ቢወድቅ አይከተሉት፤ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ይደውሉ። ወፍራሙን ዝቃጭ ለማውጣት ሰው አያስፈልግም። ጋሼ ከላይ ሆነው በጎማ ውሃ ረጩበት፤ በረጅም ዘንግ አማሰሉት፤ ሲቀጥን መኪናው ተመልሶ መጠጠው። ልጁ የጠየቀውን ገንዘብ ሳይወርድ ሰጠነው።

ወደ ጉድጓዱ የምንልከው

ታንኩን የሚያሠሩት ባክቴሪያዎች መሆናቸውን ካወቅን፣ በረኪና በየቀኑ በብዛት ማፍሰስ ሠራተኞቹን መግደል መሆኑ ይገባናል። ሽንት ቤት ለማጠብ የሚሆን ጥቂቱ አይጎዳም፤ ሽታ ለማጥፋት በጠርሙስ መገልበጥ ግን ሽታውን ለነገ ያብሰዋል።

ጎረቤት የሚመክራቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ መጨመር አንዱ ነው፤ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ የከርሰ ምድር ውሃን ይበክላል፣ እሳትም ይጋብዛል። አመድ ለገጠሩ ደረቅ ሽንት ቤት ጥሩ ነው፤ ውሃ ባለው ታንክ ውስጥ ግን ሥር ይዘቅጥና ቦታ ይይዛል። ታንኩን «ያስነሳል» ተብሎ የሚሸጥ ዱቄትም የግድ አያስፈልግም፤ ባክቴሪያው በየቀኑ ከእኛው ከሰዎቹ ይገባል። ማስመጠጥን የሚተካ ዱቄት የለም።

ከወጥ ቤት የሚመጣው ደግሞ ይበልጣል። የጥብስ ዘይትና ሞራ ቱቦ ውስጥ ይረጋል። የቡና አተላ አይበሰብስም ማለት ይቻላል፤ ሥር ይከማቻል። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት አተላውን በመውረጃ ባይደፋ ይመረጣል። የሕፃን ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ ጥጥ ከቆሻሻ ቅርጫት ውጭ ቦታ የላቸውም፤ መጣጩ መኪናም ጎማው የሚታነቅበት በእነዚህ ነው። ከጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ውሃም ወደ ታንኩ አይግባ። ዝቃጩን አማስሎ ጠራርጎ ወደ ማስረጊያው ይወስደዋል።

ክረምት፣ ጥቁር አፈርና ጎረቤት

የእኛ ሰፈር መሬት ዋልካ ነው፤ በአያት፣ በሲኤምሲና በቦሌ ወገን ያለ ሰው ያውቀዋል። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ይነፋና ከዚያ በኋላ ጠብታ አያሳልፍም። ሐምሌ ላይ ማስረጊያው ውሃ ያቁራል፤ ታንኩ በተመጠጠ በሳምንቱ ይሞላል። ስለዚህ የሚያስመጥጥ ሰው ግንቦት ሳያልፍ ቢያስመጥጥ ይሻለዋል። የፕላስቲክ ታንክ የቀበረ ደግሞ በክረምት ባዶ አያስቀምጠው፤ መሬቱ ውሃ ሲሞላ እንደ ጀልባ ተንሳፍፎ ሊነሳ ይችላል።

አንዳንድ ሰው በዚያ ጊዜ ሌላ መፍትሔ አለው፤ ዝናብ ሲበረታ ሌሊት የጉድጓዱን ውሃ ወደ ጎርፍ መውረጃው ይለቅቃል። ያ ውሃ ከታች ባለው ሰፈር በር ላይ ያልፋል፤ ሕፃናት ይራመዱበታል፤ መጨረሻው ወንዝ ነው። በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ሰላጣና ጎመን ይመረታል፤ ከተማዋም ትበላዋለች። የለቀቅነው ተመልሶ ገበታችን ላይ ይቀርባል ማለት ነው። መጣጭ መኪና ሲጠሩም፣ የከተማው የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ይሁን የግል፣ የት እንደሚያራግፍ መጠየቅ የቤቱ ባለቤት ኃላፊነት ነው። ዋናው የፍሳሽ መስመር ሰፈራችሁ ከደረሰ ደግሞ ለመቀጠል አታመንቱ።

በግቢው ውስጥ የመሬት ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያ ወይም የውሃ ጉድጓድ ያለው ሰው ርቀቱን ይለካ። የውሃ ጉድጓድ ከማስረጊያ ቢያንስ ከ15 እስከ 30 ሜትር እንዲርቅ ይመከራል። በጠባብ ግቢ ይህን ማግኘት ከባድ ነው፤ ያን ጊዜ የጎረቤትም ጉድጓድ ይቆጠራል፤ አጥር የከርሰ ምድር ውሃን አይከፍለውም።

ስለ ጎረቤት ካነሳን፣ አጥር የሚያዋስኑን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሥራው ሲሠራ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው አዩን። ባለቤቴ አፈር ብሎ «ጋሽዬ፣ ይቅርታ፣ ለካ የእኛ ነበር» አላቸው። እሳቸውም ሳቁና «እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔ መስሎኝ ልጆቼን ቡና እንዳይጠሩ ስከለክል ነበር» አሉ። ሳይነጋገሩ የኖሩ ሁለት ቤቶች፣ አንዱ ሌላውን ሲጠረጥር፣ ሌላው ራሱን ሲወቅስ። በማግስቱ ጋሼን ወደ እሳቸው ቤት ወሰዷቸው።

ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት

እኛ ይህችን ዝርዝር ጽፈን ወጥ ቤት ለጥፈናል፤

• በየሳምንቱ ቅዳሜ፦ በማንገለገልበት መታጠቢያ ቤት ሁሉ ውሃ ማፍሰስ።

• በየወሩ፦ የዕቃ ማጠቢያና የማሽን ቱቦ ማሸጊያን ማየት፤ የመጸዳጃ መቀመጫ መወዛወዙን መፈተሽ።

• ቡልቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ፦ የአየር ማስወጫውን ቱቦ ማስፈተሽ።

• ከክረምት በፊትና በኋላ፦ ክዳኑ መሰንጠቁን፣ ዙሪያው መርጠቡን ማየት።

• በየሦስት ዓመቱ፦ ሳይሞላ ማስመጠጥ፤ ቀኑን መጻፍ።

• ሁልጊዜ፦ ወደ ጉድጓድ ሰው አይገባም።

አዲሱ ክዳን ለመኪና በሚሆን ብረት ተሠራ፤ ለማስመጠጥ ንጣፍ እንዳይፈርስም በላዩ የሚከፈት፣ የሚቆለፍ አፍ ተተወለት። ጠቅላላ ወጪው ከበዓል ወጪያችን አልበለጠም። ለስድስት ዓመት ያዘገየነው ስለማንችል አልነበረም፤ ማውራት ስለምናፍር ነበር።

በቀጠሮው እሑድ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። እናቴ በሩ ሥር ቆማ እንደ አዳኝ ታሸት ነበር። እጣን አላስጨሰችም፤ «ቤቱ ራሱ ይመስክር» አለች። ቡናው ተቆላ። ቆሎው ቀረበ። አባታችን «ልጃችንን ሰጥተናችኋል» ሲል ሁሉም ተነሥተው ተመራረቁ። ባለፈው ጋቢያቸውን ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉት አዛውንት ሲወጡ በራፉ ላይ ቆም ብለው ረጅም አየር ሳቡ። እህቴ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።

«የቡናችሁ ሽታ ደስ ይላል» አሉ።